የአንቴና ረድፍና የምርጫ ሥርዓት፤ ከአቃቂ እስከ ጥሊሊ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ እንጅባራ ከመድረሱ በፊት ጥሊሊን ያገኛል። ይህች ከተማ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ በመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ርቀቱ በካርታ ላይ በቀጥታ መሥመር ቢለካ ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መንገዱን የሚያስረዝመው የዓባይ ገደልና የምድሩ ከፍታና ዝቅታ ነው።

የራዲዮ ሞገድ ገደል መውረድና ዳገት መውጣት አያስፈልገውም። ሆኖም እርሱም የራሱ ዐይነት ገደል አለው። ከአዲስ አበባ አጠገብ የተነሣ አጭር ሞገድ ማድራስና ሌጎስ እየደረሰ፣ በመካከሉ ያለችውን ጥሊሊን ሳይነካት ሊያልፍ ይችላል። ሩቁ ሰምቶ ቅርቡ ሳይሰማ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው አንቴናው እንዴት እንደ ተሠራ፣ ይልቁንም ለማን ተብሎ እንደ ተሠራ በመመርመር ነው።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የአንቴና ረድፍ ማለት ምን እንደ ሆነ እናስረዳለን፤ ቀጥሎ በአገራችን ምድር ላይ የቆሙትን ታላላቅ አንቴናዎች ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን፤ ከዚያም የአንቴናን ቅርጽ በሰው ስሌት ከመወሰን ይልቅ እንደ ዘርና እንደ ከብት እየመረጡና እያዳቀሉ የማግኘት ሥርዓት፣ ማለትም የዝግመተ ለውጥ አልጎሪዝም፣ እንዴት እንደ መጣ እንገልጻለን። የጽሑፉ ዋና ዐሳብ ግን አንድ ነው። ይኸውም አንቴናን የሚወስነው ሽቦው ወይም የስሌቱ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ሥራው የሚመዘንበት መለኪያ ነው፤ መለኪያውን ያወጣ ሰው ሞገዱ ለማን እንደሚደርስ ይወስናል የሚል ነው።

1. የአንቴና ረድፍ ማለት ምን እንደ ሆነ

አንቴና የኤሌክትሪክን ኃይል ወደ ሞገድ ለውጦ ወደ አየር የሚለቅ፣ ወይም ከአየር የመጣውን ሞገድ ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልስ ሽቦ ወይም ብረት ነው። ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርትስ የራዲዮ ሞገድ መኖሩን በቤተ ሙከራው ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ባሉት ዓመታት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1901 ማርኮኒ ከእንግሊዝ የተላከ ምልክት በአትላንቲክ ማዶ ኒውፋውንድላንድ ላይ መቀበሉን አስታወቀ። በዚያ ጊዜ የነበረው አንቴና ኃይሉን በየአቅጣጫው የሚበትን ስለ ነበረ፣ አብዛኛው ኃይል ሰሚ በሌለበት ይባክን ነበር።

ይህን ብክነት ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1905 ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሦስት አንቴናዎችን በአንድነት አቆመና የአንዱን ኤሌክትሪክ ከሌላው ጥቂት በማዘግየት ሞገዱ ወደ አንድ ወገን እንዲያይል አደረገ። ብራውንና ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ በጃፓን ሀገር በሰንዳይ ከተማ ኡዳና ያጊ የተባሉት መምህራን በስማቸው የሚጠራውን አንቴና አስታወቁ፤ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ለቴሌቪዥን ተሰቅሎ የምናውቀው እንደ ዓሣ አጥንት ያለ ብረት ከዚሁ የመጣ ነው።

የረድፉን ጠባይ በቀላሉ ለመረዳት አሥር ከበሮ መቺዎች በአንድ መሥመር ተራርቀው ቆመው እኩል እንደሚመቱ እናስብ። ከመሥመሩ ፊት ለፊት በሩቅ ለቆመ ሰው የአሥሩም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይደርሰዋልና አንድ ብርቱ ምት ይሰማል። በመሥመሩ ጫፍ በኩል ለቆመ ሰው ግን የቅርቡ ከበሮ ቀድሞ፣ የሩቁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምቱ የተበታተነ ይሆንበታል። አሁን ደግሞ መቺዎቹ እኩል መምታታቸውን ትተው ከግራ ወደ ቀኝ ተራ በተራ ጥቂት እየዘገዩ ቢመቱ፣ ምቱ አንድ ሆኖ የሚሰማበት ስፍራ ከፊት ለፊት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ማንም መቺ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ የድምፁ አቅጣጫ ተለወጠ ማለት ነው።

በራዲዮም የሚሆነው እንዲሁ ነው። ሞገዶቹ ተደምረው የሚበረቱበት አቅጣጫ ዋና ጨረር ይባላል፤ በሌላ በኩል ሳይፈለጉ የሚያመልጡት ደግሞ የጐን ጨረሮች ይባላሉ። የመሐንዲሱ ሥራ ዋናውን ጨረር በተፈለገው አቅጣጫ ማበርታትና የጐኖቹን ማዳከም ነው። ይህንንም የሚያደርገው የአንቴናዎቹን ቍጥር፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ ከምድር ያላቸውን ከፍታና የኤሌክትሪኩን መዘግየት በመወሰን ነው።

2. በአገራችን የቆሙ አንቴናዎችና ዓላማቸው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታላቅ የራዲዮ ጣቢያ በአቃቂ የተሠራው ነው። ሥራውን የሠራው አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. በራዲዮ ንግግር ያደረጉበት ጊዜ የኢትዮጵያ ራዲዮ የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ በሃያኛው ቀን የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የኢጣልያ ኩባንያ የሠራው ጣቢያ የኢጣልያን ወረራ ለዓለም መንግሥታት ማሰሚያ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። በዚያ ወቅት የጣቢያው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ የሚፈለገው ሰሚ በጄኔቭ፣ በለንደንና በኒውዮርክ የተቀመጠ ነበረና ሞገዱ ወደ ሩቅ መሄድ ነበረበት።

ሁለተኛው በአስመራ የነበረው ነው። የኢጣልያ ባሕር ኃይል ራዲዮ ማሪና ይለው የነበረውን ጣቢያ በ1935 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ያዘው፤ በ1945 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ውል ከተፈረመ በኋላ ቃኘው ጣቢያ ተባለ። የዚህ ጣቢያ አንቴናዎች ዋና ሥራ መናገር ሳይሆን መስማት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቆሙት ሳሕን መሰል አንቴናዎች አንዱ 26 ሜትር፣ ሌላው 46 ሜትር ያህል ስፋት ነበራቸው፤ የሚከታተሉትም ሶቪየት ኅብረት ወደ ሩቅ ጠፈር የላከቻቸውን መንኰራኵሮች ነበር። ጣቢያው በ1969 ዓ.ም. ተዘጋ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ምድር ላይ ከነበሩት ጆሮዎች ሁሉ ረቂቁ የሚያዳምጠው ከአገሩ ሰው ጕዳይ ውጭ የሆነ ነገር ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ነው። የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ተመረቀ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል የነበራቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በጌጃ ተተከሉ። ጣቢያው ከአማርኛ ሌላ በዐረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሐውሳ፣ በታሚልና በሌሎችም ብዙ ቋንቋዎች ይናገር ነበር። በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ።

እንዲህ ያሉት የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ለሩቅ አገር የሚጠቀሙበት የታወቀ አንቴና መጋረጃ የሚባለው ነው። በሁለት ረዣዥም ማማዎች መካከል ብዙ አግድም ሽቦዎች በመደዳና በደርብ ተሰቅለው እንደ መጋረጃ ይወርዳሉ፤ በስተኋላቸው ደግሞ ሞገዱን ወደ ፊት የሚመልስ ሌላ የሽቦ መረብ ይደረጋል። ይህ በትክክል የአንቴና ረድፍ ነው። ታዲያ የጥሊሊ እንቆቅልሽ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

አጭር ሞገድ ወደ ሩቅ የሚደርሰው አዮኖስፌር ከተባለው፣ በፀሐይ ኃይል ኤሌክትሪክ ከተሸከመው የላይኛው አየር ተመልሶ ነው። ይህ መስተዋት ከምድር 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አለ ብለን እናስላ። ከአዲስ አበባ ማድራስ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ሞገዱ በሁለት ዝላይ ይደርስ ዘንድ ከአድማስ በላይ ወደ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ መነሣት አለበት። ለሌጎስም 12 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል። ጥሊሊ ለመድረስ ግን ሞገዱ 137 ኪሎ ሜትር ተጕዞ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መገኘት ስላለበት፣ ወደ 65 ዲግሪ ቀና ብሎ መነሣት ይገባዋል። እንግዲህ ኃይሉን ሁሉ ወደ አድማስ ዝቅ አድርጎ የሚወረውር መጋረጃ ለማድራስ ድንቅ መሣሪያ ሲሆን ጥሊሊን ይዘላታል። በዚህ ላይ የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ቀና ብሎ የወጣው አዮኖስፌርን ቀድዶ ወደ ጠፈር ያልፋል እንጂ አይመለስም።

የሽቦው ከፍታም ይህንኑ ያስረዳል። በ6 ሚሊዮን ሳይክል የሚሠራ ሞገድ ርዝመቱ 50 ሜትር ነው። አንድ አግድም ሽቦ ኃይሉን ወደ 65 ዲግሪ እንዲልክ ከምድር 14 ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ይበቃዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ እንዲልክ ግን 72 ሜትር ያህል መሰቀል አለበት። ለጥሊሊ የሚያስፈልገው ምሰሶ ለማድራስ ከሚያስፈልገው ማማ አምስት እጅ ያህል ያጠረ ነው። ስለዚህ ቅርብ ላለ ገጠር ለመናገር የሚከለክለው የገንዘብ ወይም የጥበብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

3. ከስሌት ወደ ፍለጋ

ጥያቄው ከታወቀ በኋላ መልሱን ማግኘት ለብዙ ጊዜ የሒሳብ ሊቃውንት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ሸልኩኖፍ በመሥመር የተሰለፉ አንቴናዎችን ጠባይ በአልጀብራ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1946 ዶልፍ የሩሲያዊውን የቼቢሸፍን ሒሳብ ተጠቅሞ የጐን ጨረሮችን ሁሉ እኩል ዝቅ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ አከፋፈል አገኘ። እነዚህ ዘዴዎች ውበት ያላቸውና እስካሁንም የሚያገለግሉ ናቸው። ነገር ግን አንቴናዎቹ በእኩል ርቀት የተሰለፉና አንድ ዐይነት እንዲሆኑ ይፈልጋሉ፤ ምድሩ ወጣ ገባ ሲሆን፣ ሽቦው ሲጐብጥ፣ ርቀቱ ሲዘበራረቅ ሒሳቡ እጅ ይሰጣል።

ርቀታቸው እኩል ያልሆነ ረድፎች ጥቅም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በሊቃውንት ዘንድ መጠናት ጀመረ። ከብዙ አንቴናዎች መካከል ጥቂቶቹን በመዝጋት የጐን ጨረሮችን መቀነስና ወጪም ማዳን እንደሚቻል ታወቀ። ችግሩ የትኞቹ ይዘጉ የሚለው ነው። አሥር አንቴናዎች ቢኖሩ እያንዳንዱ ክፍት ወይም ዝግ ሊሆን ስለሚችል 1,024 ዐይነት አሰላለፍ ይገኛል፤ ይህን ሁሉ ሞክሮ ምርጡን መለየት ይቻላል። ሃያ ቢሆኑ ቍጥሩ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ሁለት መቶ ቢሆኑ ግን አሰላለፉ 61 አኃዝ ያለው ቍጥር ይሆናል። ይህን አንድ በአንድ መሞከር ለማንም ሰው፣ ለማንም የኤሌክትሮኒክ መኪና አይቻልም። ስለዚህ ሁሉን ሳይሞክሩ ወደ መልካሙ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ማግኘት ግድ ሆነ።

4. የምርጫና የማዳቀል ሥርዓት

ይህ መንገድ ከሕያዋን ፍጥረታት ጥናት የተወሰደ ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ሲያስረዳ የተነሣው ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ከሚያደርጉት ነበር። ይህ ለአዊ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ገብሱን ሲያጭድ ፍሬው የሞላውንና ግንዱ ያልወደቀውን ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል፤ ፈረሱንም ሲያራባ ድንጕላውን መርጦ ነው። የገብሱ ፍሬ በውስጡ እንዴት እንደ ተሠራ ሳያውቅ በብዙ ትውልድ ምርጫ ለምድሩ የሚስማማ ዘር ያገኛል።

ይህን ዐሳብ ወደ ምሕንድስና ካመጡት አንዱ በምዕራብ በርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኢንጎ ሬሸንበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአምስት ማጠፊያዎች የተያያዘ ዝርግ ሳንቃ በነፋስ ማስወንጨፊያ ውስጥ አስቀመጠ። እያንዳንዱ ማጠፊያ በ51 ዐይነት ሊታጠፍ ይችል ነበርና የሳንቃው ቅርጽ ከ345 ሚሊዮን በላይ ነበረ። ሬሸንበርግ ማጠፊያዎቹን በዕጣ ጥቂት ጥቂት እየለወጠ፣ የነፋሱ ግፊት ሲቀንስ አዲሱን ቅርጽ እየያዘ፣ ሲጨምር ወደ ቀድሞው እየመለሰ ቢቀጥል ከጥቂት መቶ ሙከራዎች በኋላ ሳንቃው ነፋስን እምብዛም የማይቃወም ዝርግ ቅርጽ ያዘ። በአሜሪካም ጆን ሆላንድ ማዳቀልን የጨመረውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው መጽሐፍ አስፋፋ።

ሥርዓቱ በአንቴና ረድፍ ላይ ሲሠራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ረድፍ በአኃዝ ሰንሰለት ይጻፋል፤ ለምሳሌ ክፍቱ አንቴና 1፣ ዝጉ 0 ይሆናል። ይህ ሰንሰለት የረድፉ ዘረ መል ነው። ቀጥሎ አንድ መቶ ያህል ረድፎች በዕጣ ይፈጠራሉ፤ አብዛኞቹም የማይረቡ ናቸው። ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ጨረር አስልቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ይወገዳሉ፤ የተሻሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይዳቀላሉ፤ ይኸውም የአንዱ ሰንሰለት የፊት እኩሌታ ከሌላው የኋላ እኩሌታ ጋር ይቀጠላል። አልፎ አልፎም አንድ አኃዝ በድንገት ይለወጣል፤ ይህ ባይደረግ ትውልዱ ሁሉ አንድ መልክ ይዞ መሻሻሉ ይቆማልና። ይህ ሥራ በብዙ ትውልድ ሲደጋገም የረድፎቹ ነጥብ እያደገ ይሄዳል።

ራንዲ ሀውፕት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት በዚህ ዘዴ 200 አንቴናዎች ካሉት ረድፍ የትኞቹ ይዘጉ የሚለውን ጥያቄ መልሷል። ባገኘው አሰላለፍ የጐን ጨረሮች ኃይል ከዋናው ጨረር ከመቶ አንድ እጅ በታች ሆነ። ከላይ ባለ 61 አኃዝ ያልነው ፍለጋ ዳር የሚደርስ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ያደረገው ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2006 ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶችን ወደ ጠፈር ሰደደ። በእነርሱ ላይ ከነበሩት አንቴናዎች አንዱን ቅርጽ ያወጣው ሎንና ሆርንቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት የዝግመተ ለውጥ አልጎሪዝም ነበር። አንቴናው በመዳፍ የሚያዝ፣ ወዲያና ወዲህ የተጣመመ ሽቦ ነው፤ ለሚያየው ሰው በልጅ እጅ የተጨማደደ እንጂ በመሐንዲስ የታሰበ አይመስልም። ነገር ግን የተፈለገውን ሥራ ሠርቷል።

5. መለኪያውን የሚያወጣ ማን ነው

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። ሳተላይቶቹ አስቀድሞ ከምድር እጅግ እንዲርቁ ታስቦ ስለ ነበረ፣ አንቴናው ከሽቅብ መሥመር ከ40 እስከ 80 ዲግሪ ባለው አቅጣጫ እንዲበረታ ተጠየቀ። አልጎሪዝሙም በዚህ መለኪያ አራት እጅ ያለው መልካም አንቴና አወጣ። ከዚያ በኋላ የሳተላይቶቹ ዑደት ወደ ምድር እንዲቀርብ ተወሰነ። ያን ጊዜ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ያለው አቅጣጫም አስፈላጊ ሆነ፤ የመጀመሪያው አንቴና ግን በዚያ በኩል ዕውር ነበር። ሰዎቹ መለኪያውን ለውጠው አልጎሪዝሙን እንደገና ቢያስኬዱት ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ፈጽሞ ሌላ መልክ ያለው፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው አንቴና ተገኘ። ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው። የፍለጋው ሥርዓት ያው፣ ሰዎቹም እነዚያው ሲሆኑ፣ ነጥብ የሚሰጥበት መለኪያ በመለወጡ አንቴናው ሌላ ሆነ።

እንግዲህ አልጎሪዝሙ ጥበበኛ አገልጋይ ነው እንጂ ጌታ አይደለም። ኃይል በ10 ዲግሪ ይበርታ ብንለው የማድራስን አንቴና ያወጣልናል፤ ጥሊሊም ትዘለላለች። በ65 ዲግሪ ይበርታ ብንለው የጥሊሊን ያወጣልናል። የትኛው እንደሚሻል ራሱ አይጠይቅም። የአቃቂው ጣቢያ ለዓለም መንግሥታት፣ የአስመራው ለአሜሪካ ጦር፣ የጌጃው ለሩቅ ምእመናን የተሠሩበት ምክንያት መለኪያውን ያወጡት ሰዎች የፈለጉት ያን ስለ ነበረ ነው። በሰው እጅ በተሰላውም ሆነ በኮምፒዩተር በተመረጠው አንቴና ይህ እውነት አይለወጥም።

ለጥሊሊ የሚሆን መለኪያ ማውጣት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ግን እናስብበት። አዮኖስፌር እንደ ቤት ጣሪያ ጸንቶ የሚቆም አይደለም። ከፍታው 250 ኪሎ ሜትር ሲሆን ለጥሊሊ የሚያስፈልገው አነሣሥ 61 ዲግሪ ያህል ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ ወደ 71 ዲግሪ ይደርሳል። 65 ዲግሪን ብቻ መለኪያ ብናደርግ አልጎሪዝሙ በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ የሚያበራ፣ ጣሪያው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሚጨልም ረድፍ ሊያመጣልን ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ከ60 እስከ 71 ዲግሪ ያለውን ሁሉ መያዝ አለበት። ምድሩም ቢሆን በክረምት ርሶ፣ በበጋ ደርቆ ኤሌክትሪክን በተለያየ መጠን ያስተላልፋል፤ ሁለቱም ወቅት በስሌቱ ካልገቡ በነሐሴ ጥሩ የሆነው በመጋቢት ይከፋል። የምሰሶው ዋጋም በነጥቡ ውስጥ ካልገባ አልጎሪዝሙ ማንም ሊሠራው የማይችለውን ማማ ያዝዛል። አልጎሪዝም ያልተነገረውን አያውቅምና በመለኪያው ውስጥ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ሁሉ መሹለኪያው ናት።

ሰማያችንም ከሌላው ዓለም ሰማይ ይለያል። የምድር ማግኔት ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በቀን ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ወንዝ በዚህ ወገብ ላይ ይፈስሳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አዮኖስፌር ከፍ ይልና ይታወካል። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1949 እና በ1950 ዓ.ም.፣ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ያቋቋሙት አንዱ ምክንያት የአገሪቱ አቀማመጥ ለዚህ ጥናት የተመቸ መሆኑ ነበር። እንግዲህ ለአውሮፓ ሰማይ የወጣ መለኪያ ለእኛ ሰማይ እንዲሁ የሚስማማ አይሆንም።

በዚህ ጥናት ኢትዮጵያውያን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በፊንላንድ የተማሩትና ኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ከባልደረቦቻቸው ጋር አዮኖስፌርን ለሚመረምር ራዳር የሚሆኑ የምልክት ቅደም ተከተሎችን አጥንተዋል። ከሁለት ምልክቶች በተሠራ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ምርጡ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ፣ ከሁለት መቶ አንቴናዎች የትኞቹ ይከፈቱ ከሚለው ጋር የአንድ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። ሁሉን መሞከር አይቻልም፤ ምን ምርጥ እንደሚባል አስቀድሞ መወሰን ግድ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው በአገራችን የቆሙት ታላላቅ አንቴናዎች ቅርጻቸውና መለኪያቸው በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ነበሩ። ይህ ዛሬም ፈጽሞ አላለፈም። በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ የአምስተኛውን ትውልድ የሞባይል አገልግሎት ሲጀምር፣ በየማማው ላይ የተሰቀሉት ጠፍጣፋ ሳጥኖች በውስጣቸው ብዙ ትንንሽ አንቴናዎችን በረድፍ የያዙ ናቸው፤ እነርሱም በውጭ አገር ተሠርተው የመጡ ናቸው። ዕቃው ከውጭ መምጣቱ ነውር አይደለም። ጕዳቱ ጥያቄውም ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ እንደ ሆነ ነው።

ቀድሞ አንድን የአንቴና ረድፍ ለመንደፍ ትልቅ ፋብሪካና ሰፊ የመለኪያ ሜዳ ያስፈልግ ነበር። አሁን የዝግመተ ለውጥ አልጎሪዝም ሥርዓት በመጻሕፍት ተገልጿል፤ የሽቦ አንቴናን ጨረር የሚያሰላው፣ በአሜሪካ በሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የተዘጋጀው ፕሮግራምም የቀድሞው ዕትም ያለ ዋጋ ይገኛል። በባሕር ዳር ወይም በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ሌሊቱን ሙሉ መቶ ረድፎችን እያዳቀለ ሊያድር ይችላል። ማሽኑ የማያደርግለት ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጥሊሊ ሄዶ፣ ምድሩን አይቶ፣ በአዊኛና በአማርኛ የሚነገረውን ማን በየትኛው ሰዓት ሊሰማ እንደሚፈልግ ጠይቆ፣ ያንን በአኃዝ መጻፍ ነው። ይህ ከቴክኒኩ ሥራ በኋላ የሚጨመር ትርፍ ነገር ሳይሆን የሥራው መጀመሪያ ነው።

ገበሬው ዘሩን የሚመርጠው ለራሱ ማሳ ነው፤ ለሌላ ሰው ማሳ የተመረጠ ዘር ቢሰጡት በትንሽ መሬት ሞክሮ ያየዋል እንጂ ጐተራውን በሙሉ አይሞላበትም። ስለ አንቴናም እንዲሁ ቢደረግ፣ የሚመጣው ተማሪ የሌሎችን ስሌት ከመቅዳት አልፎ የራሱን አገር መለኪያ ሊያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ማድራስን የሚደርስ ሞገድ ጥሊሊን የሚዘልበት ምክንያት ካለ፣ እኛ አስበንበት የወሰንነው እንጂ ሳይጠየቅ የቀረ አይሆንም።